ዐፄ ፋሲል፦ ከድንኳን ወደ ድንጋይ የተሸጋገረው መንግሥት

በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ከፍ ብሎ በተዘረጋው ኮረብታ ላይ፣ ዛሬ የጎንደር ከተማ ልብ በሆነው ስፍራ፣ የነገሥታት ግቢ አለ። ግቢው የአንድ ንጉሥ መኖሪያ ብቻ አልነበረም። ችሎት የሚያስችልበት፣ አዋጅ የሚነገርበት፣ ግብር የሚገባበት፣ ጦር የሚሰናዳበት፣ ሹመትና ሽረት የሚሰማበት የመንግሥት መቀመጫ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው ጎንደር የተቆረቆረችው በዐፄ ፋሲል ነው። እርሳቸው በዙፋን ስማቸው ዓለም ሰገድ ተብለዋል። ሕይወታቸው በጦርነት መካከል ጀምሮ ሀገርን በማረጋጋት ያለፈ፣ ሥራቸውም እስከ ዛሬ በድንጋይ ላይ ቆሞ የሚታይ ንጉሥ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የዐፄ ፋሲልን ሥራ ለመረዳት ከእርሳቸው በፊት መንግሥት እንዴት ይኖር እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ለብዙ ዘመናት የኢትዮጵያ ነገሥታት ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም። በጋ ሲሆን ከነሠራዊታቸው፣ ከነካህናታቸውና ከነቤተሰባቸው ከአውራጃ አውራጃ ይጓዙ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ባሉበት ይሰፍራሉ። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ በጥንት ትርጉሙ የንጉሡን ሰፈር የሚያመለክት ነበር። ሰፈሩ ባረፈበት ሁሉ እህልና ከብት የሚቀርበው፣ የማገዶ እንጨት የሚቆረጠው ከአካባቢው ነው። ደን ሲራቆት፣ ጎተራ ሲጎድል ድንኳኑ ይነቀላል። የሚነቀለው ሰፈር ግን የተራቆተውን ቀዬ ለአራሹ ጥሎለት ይሄዳል። የተንቀሳቃሽ መንግሥት ሸክም ያረፈው ከሁሉ በላይ በገበሬው ጫንቃ ላይ ነበር።

ፋሲለደስ በ1596 ዓ.ም ሸዋ ውስጥ በቡልጋ ተወለዱ። አባታቸው ሱስንዮስ በዚያን ጊዜ ገና ዙፋን ያላገኙ፣ በየበረሃውና በየአምባው የሚዋጉ ልዑል ነበሩ። ፋሲል የሕፃንነት ዘመናቸውን ያሳለፉት ከጦር ሰፈር ሳይርቁ ነው። አባታቸው ድል ቀንቷቸው ሲነግሡ እርሳቸው ገና ልጅ ነበሩ። ከዚያም በኋላ ቢሆን የቤተ መንግሥቱ ኑሮ የጉዞ ኑሮ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በሌሎችም የጣና አካባቢ ስፍራዎች ተቀምጠዋል፤ በደንቀዝም ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። ይሁንና አንዱም የጸና መናገሻ ሆኖ አልቀረም።

የአባታቸው ዘመን በአንድ ትልቅ ጉዳይ ተናወጠ። ዐፄ ሱስንዮስ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ትምህርት ተቀብለው በ1614 ዓ.ም የካቶሊክ እምነትን በይፋ ያዙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከሮም የተሾሙት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ወደ ሀገር ገቡ። በ1618 ዓ.ም ንጉሡ በአደባባይ ለሮም ታዛዥነታቸውን ሲያስታውቁ፣ መኳንንቱና ልጃቸው ፋሲልም አብረው እንዲምሉ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ የሕዝቡን ዕለታዊ ኑሮ ነካ። ካህናት እንደ አዲስ እንዲሾሙ፣ ሕዝቡም እንደ አዲስ እንዲጠመቅ ተጠየቀ፤ የጾምና የበዓል ሥርዓት ተለወጠ። ቅዳሜን ማክበር ተከለከለ፤ አርሶ አደሩም በዚያ ቀን እንዲያርስና እንዲዘራ ታዘዘ። ከአባት ከአያቱ በሬውን በሰንበት ፈትቶ የኖረ ገበሬ ለዚህ ትእዛዝ መልሱ እምቢታ ሆነ።

እምቢታው ወደ ዐመፅ አደገ። በጌምድር ተነሣ፤ ጎጃም ታወከ፤ የላስታ ሰው መልክአ ክርስቶስን መሪው አድርጎ በተራሮቹ ላይ መሸገ። የንጉሡ ጦርና የሀገሬው ሰው ዓመት በዓመት ተዋጉ። እርሻ ጦም አደረ፤ መንደር ተቃጠለ። በ1624 ዓ.ም በወይና ደጋ በተደረገው ታላቅ ውጊያ ንጉሡ ቢያሸንፉም፣ በአውደ ውጊያው የወደቀው ሰው 8 ሺህ ያህል እንደነበር ይነገራል። ፋሲልና መኳንንቱ ንጉሡን ወደ ሬሳው ወስደው፣ የወደቁት የባዕድ ጠላቶች ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቻቸውና የገዛ ገበሬዎቻቸው መሆናቸውን እንዳሳሰቧቸው የዘመኑ ታሪክ ያስረዳል። ያ ድል የኀዘን ድል ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ በሰኔ ወር ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላም አርፈው በአዘዞ ተቀበሩ።

ፋሲል ሲነግሡ ዕድሜያቸው 28 ዓመት ነበር። የተረከቡት ሀገር በእምነት የተከፋፈለ፣ በጦርነት የደከመ ነበር። የመጀመሪያ ሥራቸው የአባታቸውን የመጨረሻ አዋጅ ማጽናት ሆነ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ጳጳስም እንደ ቀድሞው ከእስክንድርያ እንዲመጣ ተደረገ። ሚሲዮናውያኑ አስቀድሞ ትግራይ ወደሚገኘው ፍሬሞና ተላኩ፤ በ1626 ዓ.ም ደግሞ ፓትርያርኩ ከነተከታዮቻቸው ከሀገር ወጡ። የንጉሡ አጎት ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የያዙትን የካቶሊክ እምነት አልተውም በማለታቸው ለግዞት ተዳረጉ። የላስታው ዐመፅ ግን እምነቱ ከተመለሰ በኋላም ወዲያው አልበረደም። መልክአ ክርስቶስ ዙፋኑንም ፈልገው ስለነበር ዐፄ ፋሲል በንግሥናቸው የመጀመሪያ ዓመታት በዚያ ተራራማ ምድር ከባድ ጦርነት መግጠም ግድ ሆኖባቸዋል።

ወጣቱ ንጉሥ በዚህ ሁሉ መካከል ሌላ ውሳኔ ወሰኑ። በ1628 ዓ.ም መናገሻቸውን በጎንደር አደረጉ። ስለ ቦታው አመራረጥ አፈ ታሪኩ ብዙ ነው። ንጉሡ ለአደን ወጥተው ጎሽ ሲከተሉ ከውሃ ዳር እንደደረሱ፣ በዚያም አንድ መናኝ አግኝተው ከተማውን በዚያ እንዲቆረቁሩ እንደመከሯቸው ይተረካል። የመናገሻዋ ስም በጎ ፊደል እንደሚጀምር ትንቢት ተነግሮ ነበርና፣ ነገሥታቱ ጉዛራንና ጎርጎራን ሞክረው በመጨረሻ ጎንደርን አገኙ የሚሉም አሉ።

አፈ ታሪኩ እንዳለ ሆኖ፣ የቦታው አቀማመጥ ራሱ በቂ ምክንያት ነበር። ኮረብታው ሁለት ወንዞች በግራና በቀኝ የሚጠብቁት ነው። ውሃ ቅርብ ነው፤ አየሩ ደግሞ የቆላ ወባ የማይበረታበት ወይና ደጋ ነው። በስተደቡብ የደምቢያ ለም ሜዳ እስከ ጣና ይዘረጋል፤ በስተሰሜን ምሥራቅ የወገራ ደጋ ገብስና ስንዴ ያበቅላል። በስተምዕራብ በጭልጋ በኩል ወደ ስናር፣ በስተሰሜን በወገራና በትግራይ በኩል ወደ ምጽዋ፣ በስተደቡብ ወደ ጎጃምና ከዚያም ወደ እናርያ የሚወስዱት የሲራራ ነጋዴ መንገዶች በአካባቢው ይገናኛሉ። እህሉ፣ ውሃው፣ መንገዱና ምሽጉ በአንድ ስፍራ ተገኙ።

ከድንኳን ወደ ግንብ ለመሸጋገር ግን ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ጥበብ ያስፈልጋል። የጥበቡ እምብርት ኖራ ነበር። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎች በጣና አካባቢ የኖራ ድንጋይ እያወጡ ማቃጠሉን አስፋፍተዋል። የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል ውስጡ ያለው አየር ይወጣና ደረቅ ኖራ ይሆናል። ውሃ ሲጠጣ ግሎ ይፈርሳል፤ ከአሸዋ ጋር ሲቦካ ድንጋይን ከድንጋይ ያጣብቃል። ከዚያም ከአየር ያጣውን መልሶ እየወሰደ፣ ዓመት ባለፈ ቁጥር እየጠነከረ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ዛሬ አርሶ አደሩ አሲዳማ አፈርን ለማከም በማሳው ላይ የሚበትነው ኖራ ከዚሁ የድንጋይ ዓይነት የሚገኝ ነው። ልዩነቱ የእርሻው ሳይቃጠል ተፈጭቶ ሥራ ላይ መዋሉ፣ የግንቡ ደግሞ ተቃጥሎ መቦካቱ ነው። ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ከሀገር ቢያስወጡም በእነርሱ ዘመን የተስፋፋውን የግንባታ ጥበብ ግን አልጣሉም። እምነቱን ለይተው መለሱ፤ ሙያውን ለይተው ያዙ።

ፋሲል ግንብ የዚህ ውጤት ነው። ጥቁር ቡናማ በሆነ ጠንካራ ድንጋይ የተገነባ፣ ዙሪያው አራት ማዕዘን የሆነ ሕንጻ ነው። በአራቱም ማዕዘን ክብ ማማዎች ቆመዋል፤ የማማዎቹ ጣሪያ እንደ እንቁላል ጫፍ የሾጠጠ በመሆኑ ሕንጻውን እንቁላል ግንብ የሚሉትም አሉ። የጣሪያው ዳር ዳር በምሽግ ጥርስ የታጠረ ነው። በሮቹና መስኮቶቹ በቅስት የተሠሩ ሲሆኑ ዙሪያቸው ቀላ ባለ ድንጋይ ተለብጧል። የታችኛው ክፍል ለግብርና ለእንግዳ መቀበያ ያገለግል ነበር። ከላይ ያለው ሰገነት ንጉሡ የሚጸልዩበትና በአደባባይ ለተሰበሰበው ሕዝብ የሚታዩበት እንደነበር ይነገራል። ከሁሉ በላይ ከፍ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ግንብ ከመሬት 32 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ሰማዩ ጥርት ሲል ከዚያ ላይ ጣና ይታያል።

በ1640 ዓ.ም ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ይህን ግንብ በዓይኑ አይቷል። በድንጋይና በኖራ የተገነባውን ቤተ መንግሥት አድንቆ ሲጽፍ፣ የግንባታው አለቃ ሕንዳዊ እንደነበረ አመልክቷል። ከሕንጻው መልክ የሕንድን፣ የፖርቱጋልንና የዐረብን አሻራ የሚያዩ አሉ። ድንጋዩን የጠረቡት፣ ኖራውን ያቦኩት፣ እንጨቱን ያገጣጠሙት እጆች ግን በብዛት የሀገሬው ሰው እጆች ናቸው። ከእነርሱም መካከል በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የግንባታ ሙያቸው በጎንደር ዘመን ሥራና ስም አስገኝቶላቸዋል።

ግቢው እየሰፋ ሲሄድ የመንግሥቱን አሠራር በሚያሳይ መልክ ተደራጀ። ዛሬ የሚታየው የዙሪያ ቅጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመትና 12 በሮች አሉት፤ የበሮቹ ስም ማን በየት ይገባ እንደነበር ይናገራል። ወምበር በር የዳኞች መግቢያ ነው። ባልደራስ በር ለፈረስ ሹሞች፣ እምቢልታ በር ለነጋሪትና ለእምቢልታ ባለሙያዎች፣ ተዝካሮ በር ደግሞ ለተዝካር ለሚመጡ የተለየ ነው። ከግቢው ፊት ለፊት ጃን ተከል የሚባለው አደባባይ ከነዋርካው ይገኛል። አዋጅ የሚነገረውና ሕዝብ የሚሰበሰበው እዚያ ነበር። ከሩቅ አውራጃ አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ገበሬ ከእንግዲህ ንጉሡ ዘንድሮ የት ሰፍረው ይሆን ብሎ ድንኳን ለድንኳን መንከራተት ቀረለት። ንጉሡ ለዘመቻ ካልወጡ በቀር ችሎቱ አድራሻ አገኘ።

በግቢው ዙሪያ ከተማው አደገ። በዐፄ ፋሲል እንደተተከሉ በትውፊት የሚነገርላቸው ሰባት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ግምጃ ቤት ማርያም፣ እልፍኝ ጊዮርጊስ፣ ፊት ሚካኤልና ፊት አቦ ከእነርሱ መካከል ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከተማዋን ከወረርሽኝ እንዲጠብቁ ከመግቢያዋ ላይ እንደቆሙ ይወሳል። የእስልምና ተከታይ ነጋዴዎች፣ ቤተ እስራኤላውያን ባለሙያዎች፣ ካህናትና ወታደሮች በየሰፈራቸው ሆነው ከተማዋን ሞሏት። የቅዳሜ ገበያዋም የደምቢያን ጤፍ፣ የወገራን ገብስ፣ የቆላውን ጥጥና ከሩቅ የመጣውን ጨው አገናኘ። ቋሚ ከተማ ቋሚ ገበያ ወለደ። ገበሬው ትርፉን የሚሸጥበት ስፍራ አገኘ፤ በአንጻሩ ከተማዋን የመመገብና ማገዶዋን የማቅረብ ሸክም በአቅራቢያዋ ባለው ገጠር ላይ ጸና።

የዐፄ ፋሲል ግንባታ በግቢው አጥር አልተወሰነም። ከከተማው ወጣ ብሎ በቀሃ ወንዝ አጠገብ፣ በዛፎች ጥላ መካከል የመዋኛ ገንዳና በገንዳው ውስጥ የቆመ ባለ ፎቅ ሕንጻ ይገኛል። ውሃው ከወንዙ ተጠልፎ በቦይ ይመጣል። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 11 የጥምቀት በዓል የሚከበረው በዚህ ስፍራ ነው። በአንገረብ፣ በቀሃና በሌሎችም ወንዞች ላይ የተሠሩ የድንጋይ ድልድዮች በእርሳቸው ስም ይጠራሉ። በዓባይ ላይ የተሠራው፣ በኋላ በመቆረጡ ሰባራ ድልድይ የተባለው ግንባታም ከእርሳቸው ዘመን ጋር ይያያዛል። ክረምት በመጣ ቁጥር በወንዝ ሙላት ከገበያና ከዘመድ ለሚቆረጥ ሰው ድልድይ ከቤተ መንግሥት የበለጠ ውለታ ነው። በአክሱምም በቀደሙት ጦርነቶች የፈረሰችውን የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደገና አሠርተዋል።

በውጭ ግንኙነት ረገድ ንጉሡ ፊታቸውን ከአውሮፓ ወደ ጎረቤትና ወደ ምሥራቅ አዞሩ። ለየመን ኢማም ደብዳቤና መልእክተኛ ላኩ፤ በንግሥናቸው መጨረሻ አካባቢም ወደ ሕንዱ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ ልዑካን አድርሰዋል። የምጽዋና የሱዋኪን የቱርክ ሹማምንት ወደ ኢትዮጵያ የሚያልፉ ሚሲዮናውያንን እንዲያግዱ ከእነርሱ ጋር ተስማሙ። ከአውሮፓ የመጡ ካህናት በዚህ ሳቢያ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዘመናቸው ማብቂያም በሀገር ውስጥ የቀሩት የካቶሊክ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ተደርጓል። የሃይማኖት ጦርነት ጠባሳ የወለደው ይህ ጥንቃቄ ለሀገሪቱ ዕረፍት ሰጥቷታል፤ ከውጭ የሚገባውን ዕውቀት ግን በዚያው መጠን አጥብቧል።

ሰላሙ ሌላም ዋጋ ነበረው። ዙፋንን ለማስጠበቅ ሲባል የንጉሥ ወንድሞችና ልጆች በአምባ ላይ የሚጠበቁበት የቀድሞ ልማድ በዐፄ ፋሲል ዘመን ታደሰ። የተመረጠው ስፍራ በበለሳ የሚገኘው፣ ዙሪያው ገደል የሆነው ወህኒ አምባ ነው። ወህኒ ቤት የሚለው ቃልም ከዚህ አምባ ስም ጋር ይያያዛል። የንጉሡ ወንድም ገላውዴዎስ በሤራ ተከሰው ከቤተ መንግሥት ራቁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታትም የገዛ ልጃቸው ዳዊት በማመፃቸው ወደ ወህኒ ተላኩ። አባታቸው ዙፋን ፍለጋ ሲዋጉ ያደጉት ንጉሥ የዙፋንን ሽሚያ አደጋ ያውቁታል፤ መድኃኒቱ ግን የሥጋ ዘመድን በገደል ላይ ማሰር ሆነ። የጎንደር ግንብ ታሪክ ከወህኒ አምባ ታሪክ ተነጥሎ አይነገርም።

ዐፄ ፋሲል 35 ዓመታት ነግሠው በጥቅምት ወር 1660 ዓ.ም በአዘዞ አረፉ። የተቀበሩት ባሠሩት ከተማ አይደለም። አስከሬናቸው በጀልባ ጣናን ተሻግሮ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከእርሳቸው በፊት ከነበሩ ነገሥታት አጠገብ ዐረፈ።

ተተኪዎቻቸው ግቢውን አልለቀቁም፤ እያንዳንዱም የራሱን ጨመረ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ የመጻሕፍት ቤትና የጽሕፈት ቤት አሠሩ። የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ በውበቱ የተደነቀ ግንብ ገነቡ። ዐፄ ዳዊት የመዝሙርና የዘፈን አዳራሽ፣ ዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽ፣ እቴጌ ምንትዋብም የራሳቸውን ግንብ አከሉ። በዚህ መንገድ ግቢው የመቶ ዓመት ያህል የመንግሥት ሥራ በየሕንጻው ተከፋፍሎ የሚነበብበት ስፍራ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የደረሰው መከራም ቀላል አይደለም። የመሬት መንቀጥቀጥ የኢያሱን ግንብ ጎዳ። በ1859 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም ደግሞ መሐዲስቶች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አነደዱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወራሪው የራሱን የቢሮ ሕንጻዎች በፒያሳ ገነባ፤ ከተማዋ ነፃ ስትወጣ በተደረገው ጦርነትም ከአየር የተጣለ ቦምብ በግቢው ላይ ጉዳት አደረሰ። ወረራው የተወው ሌላም ጉዳት አለ። በዚያ ጊዜ የተደረገው ጥገና በሲሚንቶና በብረት ነበር። ሲሚንቶ ደርቆ ይጠነክራል፤ ነገር ግን የክረምቱን እርጥበት አላስወጣም ብሎ በግድግዳው ውስጥ ያግታል፣ የቀድሞውን ድንጋይም ይሰነጥቃል። ኖራ ግን ከድንጋዩ ጋር እርጥበትን ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ስለሆነም በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ጥገና ሲሚንቶው እየተነሣ በጥንቱ ዘዴ ኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ግቢው በ1972 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከመቶዎች ዓመታት በፊት የተሠራ ግንብ ዛሬም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ ድንጋዩን የሚያውቅ ጠራቢ፣ ኖራውን የሚያውቅ አቡኪ፣ ከክረምት በፊት ጣሪያውን የሚያይ ዓይን። በግድግዳው ላይ የሚበቅል ሣርና ቁጥቋጦ ሥሩን ሰዶ ድንጋይ ከድንጋይ ሳይለይ በወቅቱ መነቀል አለበት። አረምን በጊዜው ያልነቀለ ገበሬ ምን እንደሚገጥመው ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲል መንግሥትን ከድንኳን አውጥተው በድንጋይ ላይ አኖሩት፤ ድንጋዩን ማቆየት ግን የአንድ ንጉሥ ሥራ ሆኖ አያውቅም፤ በየዘመኑ ያለ ትውልድ ሥራ ነው።